የደንበኛው ሥራ፣ የሠዓሊው ምስክር

ለሌላ ሰው ትእዛዝ የተሠራ ሥራ ለሠሪው ምስክር ሊሆን ይችላልን? ጥያቄው የቆየ ነው። ሆኖም ዛሬ በነቀምቴና በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች ብሩሽ ጨብጠው ወይም ከኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው ሥራ ለሚሹ ወጣቶች የዕለት እንጀራ ጥያቄ ሆኗል። በተለይም ለኮምፒዩተር ጨዋታ ገጸ ባሕርይና መልክዓ ምድር የሚሥል ባለሙያ ቅጥር ሲጠይቅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ፖርትፎሊዮው፣ ማለትም የሥራዎቹ ማኅደር ነው። በማኅደሩ ውስጥ ያለው አብዛኛው ሥራ ደግሞ ዋጋ የተከፈለበትና ከሠሪው እጅ የወጣ ነው።

በአገራችን የሥዕል ታሪክ የአሠሪው ስም ከሠሪው ስም ጎልቶ ኖሯል። በአብያተ ክርስቲያናት ከቅዱሳኑ ሥዕል ግርጌ ተደፍቶ የሚታየው ሥዕሉን ያሠራው ሰው ነው፤ ስሙም አብሮት ይጻፋል። ሠዓሊው ብዙውን ጊዜ ስም የለውም። በ15ኛው ምዕተ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን በጣናው የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም በሚገኝ ሥዕል ላይ ስሙ ተጽፎ መገኘቱ ለተመራማሪዎች ታላቅ ነገር የሆነውም ስለዚህ ነው። በዚያ በአንዱ ስም መነሻነት ሌሎች ስም አልባ ሥዕሎች ከእጁ ጋር እየተነጻጸሩ ሊጠኑ ችለዋል። በነቀምቴም ታሪካዊው ቤተ መንግሥት የሚጠራው በኩምሳ ሞሮዳ ነው፤ ቤቱን ያቆሙት እጆች ከስያሜው ውስጥ የሉም። የወለጋ ቡና እንኳ ባሕር ተሻግሮ ሲሸጥ «ለቀምት» የሚለውን የትውልድ ስሙን ይዞ ይሄዳል። ሥዕል ግን ከሠዓሊው እጅ በወጣ ማግሥት የቡና ቤቱ፣ የትምህርት ቤቱ ወይም የሥጋ ቤቱ ሥዕል ይባላል።

የነቀምቴን፣ የጊምቢን ወይም የደምቢ ዶሎን ጎዳና የተመለከተ ሰው የትእዛዝ ሥዕል ምን ያህል እንደሚገድብ፣ ደግሞም ምን ያህል እንደሚፈቅድ ይረዳል። ባለ ሥጋ ቤቱ በሬ ይፈልጋል፤ ባለ ቡና ቤቱ ጀበናና ረከቦት፣ ሌላው የኦዳ ዛፍ ይፈልጋል። ርእሱን የመረጠው ደንበኛው ነው። ነገር ግን የበሬው ሻኛ ክብደት ኖሮት አንገቱ ላይ መጫኑ፣ ከጀበናው አፍ የሚወጣው እንፋሎት ከጀርባው ቀለም ጋር መዋሐዱ፣ የኦዳው ጥላ በትክክል መሬቱ ላይ ማረፉ የሠዓሊው ነው። ሐያሲ ሊመዝነው የሚገባውም ይህንኑ ነው። ርእሱ የተለመደ ስለሆነ ሥራው ሁሉ ርካሽ ነው ማለት ስሕተት ነው፤ ደንበኛው ስለወደደው ብቻ መልካም ነው ማለትም እንዲሁ።

የደንበኛ ግድግዳ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። ቤቱ ባለቤት ሲለውጥ ቀለም ይደረብበታል፤ በቦታው በማሽን የታተመ ሸራ ይሰቀላል። የዐሥር ዓመት ድካም በአንድ ባልዲ ኖራ ይጠፋል። ሠዓሊው በጊዜው ፎቶግራፍ ካላነሣው የሠራ መሆኑን የሚያረጋግጥለት የለም።

በዚህ ረገድ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች ብዙ ያስተምራሉ። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው 150 ካሬ ሜትር የሚሰፋ የመስታወት ሥዕል የትእዛዝ ሥራ ነው። የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል እንዲያሳይ የተቀናበረው በአፈወርቅ ንድፍ ነው፤ መስታወቱ ግን የተሠራው በፈረንሳይ ባለሙያዎች ነው። ይህ መለየቱ የሠዓሊውን ክብር አልቀነሰም፤ እንዲያውም የእርሱ ድርሻ የቱ እንደሆነ አጉልቶታል። ከዚያው ጎን «የመስቀል አበባ»ን የመሰለ የራሱን ሥራ ያየ ተመልካች፣ ሠዓሊው ሲታዘዝና ሳይታዘዝ የሚያስበውን አነጻጽሮ መፍረድ ይችላል። መልካም የሥራ ማኅደር ሊያደርግ የሚገባው ይህንኑ ነው።

በኮምፒዩተር ጨዋታ ሙያ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በአገራችን በገጠር መልክዓ ምድር ዶሮ የሚያስሮጠው «ኩኩሉ» የተሰኘው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ መስኩ ለሠዓሊያንም እንጀራ ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። ጨዋታ ግን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። አንዱ ገጸ ባሕርዩን ይነድፋል፣ ሌላው ቅርጽ ይሰጠዋል፣ ሦስተኛው ቀለም ያለብሰዋል፣ አራተኛው ያንቀሳቅሰዋል። እንግዲህ የዶሮዋን ላባ ቀለም ብቻ የቀባ ሰው ዶሮዋን በሙሉ «የእኔ ናት» ብሎ ቢያቀርብ ውሸት ነው። በሌላ በኩል ድርሻው ትንሽ ናት ብሎ ቢደብቃት በራሱ ላይ ይፈርዳል። ከዚህም በላይ ብዙ አሠሪዎች ጨዋታው ለገበያ ሳይበቃ ምንም እንዳይታይ በውል ያስራሉ። ያንን ምስጢር በማኅደሩ ያወጣ ሠዓሊ ችሎታውን ሳይሆን አለመታመኑን ለአዲሱ አሠሪ ያስመሰክራል።

ሕጉም ሁለቱን ወገን ያያል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ባለቤት አሠሪው ነው። ሥራውን ያመነጨው እኔ ነኝ የማለት የሞራል መብት ግን ከሠሪው ጋር ይኖራል። ስለዚህ «ሠርቻለሁ» ማለትና ሥራውን አባዝቶ ለሕዝብ ማሳየት አንድ አይደሉም። ለሁለተኛው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱም የሚጠየቅበት ጊዜ ክፍያው ካለቀ በኋላ ሳይሆን ውሉ ሲጻፍ ነው። «ሥራው ለሕዝብ ከወጣ በኋላ ሠዓሊው በማኅደሩ ሊያሳየው ይችላል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ደንበኛውን ምንም አታጎድለውም፤ ለሠዓሊው ግን የነገ እንጀራ ናት።

የብዙ ማኅደሮች ትልቁ ጉድለት የሥራ ማነስ ሳይሆን የብዛት ግሳንግስ ነው። ሃምሳ የንግድ ምልክትና ሠላሳ የሰርግ ካርድ የተደረደረበት ማኅደር የደንበኞችን ቁጥር ይናገር እንደሆነ እንጂ የሠዓሊውን ዐይን አይናገርም። ከእያንዳንዱ ሥራ ሥር ሦስት ነገር በአጭሩ ቢጻፍ ይበጃል፤ ደንበኛው ምን ጠየቀ፣ ሠዓሊው ምን ሠራ፣ ሌሎች ምን ጨመሩ። የመጀመሪያው የእርሳስ ንድፍ ከተጠናቀቀው ሥራ ጎን ቢቀመጥ ደግሞ የአስተሳሰቡ መንገድ ይታያል። ፈቃድ በታጣበት ቦታ የሌላውን ምስጢር ከመስረቅ ይልቅ ያንኑ ችሎታ የሚያሳይ አዲስ ሥራ ለራስ መሥራት ይሻላል። ኦዳውን፣ የቡናውን ጫካና የወለጋን ክረምት ለጨዋታ መልክዓ ምድር አድርጎ ለመሣል የማንም ትእዛዝ አያስፈልግም።

ሸክሙ ግን በወጣቱ ትከሻ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። በነቀምቴ ሙዚየምም ዩኒቨርሲቲም አሉ። ያለፈውን ቅርስ መጠበቅ ተገቢ የሆነውን ያህል፣ ዛሬ በየግድግዳው ያለውን ሥዕል ቀለም ሳይደረብበት ከሠዓሊው ስም ጋር በፎቶግራፍ መመዝገብም ተገቢ ነው። ደንበኛውም ቢሆን ሥዕሉን ሲገዛ የሠሪውን ስም ለመሰረዝ አልከፈለም። የፍሬ ጽዮን ስም ከአምስት መቶ ዓመታት በላይ የቆየው አንድ ሰው ሊጽፈው ስለፈቀደ ነው።