የሁለት ሰዎች ጉባኤ

በዚህ እትም የምንገመግመው መጽሐፍ ልብ ወለድም የግጥም መድበልም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1939 በአሜሪካ የታተመው «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» ነው፤ «ስማቸው ያልተገለጸ የመጠጥ ሱሰኞች» እንደ ማለት ነው። ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚፈልጉ ሰዎች ተሰብስበው የሚረዳዱበት፣ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚታወቀው ማኅበርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ መጽሐፍ ነው። ይህን መጽሐፍ የመረጥኩት በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ሆኖ «እንዲህ ያለ ስብሰባ የት አገኛለሁ?» እያለ በልቡ የሚጠይቅ ወጣት ከመካከላችን ስለማይጠፋ ነው።

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል ትምህርት ነው። ሁለተኛው ክፍል ከሃያ በላይ ሰዎች ስለ ራሳቸው የተናገሩት ታሪክ ነው። የመጽሐፉ እምብርት ግን 11ኛው ምዕራፍ ውስጥ፣ ስም ሳይጠቀስ የተተረከ አንድ አጭር ታሪክ ይመስለኛል። ባለታሪኩ ቢል ዊልሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ከኒው ዮርክ ወደ አክረን ከተማ ለሥራ ሄዶ ጉዳዩ ከሸፈበት። መጠጥ ካቆመ ገና ወራት ብቻ ሆኖታል። በሆቴሉ አዳራሽ በአንድ በኩል መጠጥ ቤቱ ይጠራዋል፤ በሌላ በኩል ስልክና የአብያተ ክርስቲያናት ስም ዝርዝር አለ። ስልኩን አነሣ። ወደ አንድ አገልጋይ ደወለ፤ በእሱ በኩል ወደ አንዲት ሴት፣ በእሷም በኩል በመጠጥ ወደሚሠቃይ ሐኪም ወደ ቦብ ስሚዝ ደረሰ። ሐኪሙ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ጁን 10 ቀን 1935 የማኅበሩ የልደት ቀን ሆኖ ይቆጠራል።

ልብ በሉ፤ ቢል የፈለገው የሚረዳውን ሰው አልነበረም። እንደ እሱ የሚሠቃይና እሱ ሊያነጋግረው የሚችል ሰው ነበር የፈለገው። በዚያ ከተማ የሚሄድበት ስብሰባ አልነበረም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግን ስብሰባ ሆነ። አገልጋዩም ቢሆን የመጠጥ ሱስን አልፈወሰም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር ሰውን ከሰው ማገናኘት ነው።

መጽሐፉ ሲታተም አባላቱ መቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ አብዛኛው አንባቢ በአቅራቢያው ማንንም እንደማያገኝ ጸሐፊዎቹ ያውቁ ነበር። ታሪኮቹ ያለ ጌጥ፣ እንደ ወግ የተጻፉትም ለዚህ ይመስለኛል፦ አንባቢው ብቻውን ቢሆንም ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ያህል እንዲሰማው። አካሄዳቸው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ምን ነበርኩ፣ ምን ሆነ፣ ዛሬ ምን ነኝ የሚል ምስክርነት ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። እኛ ሰውን ወደ መድረክ የምናወጣው ካሸነፈ በኋላ ነው። እነርሱ ዘንድ ትናንት የወደቀው ሰውም ዛሬ ይናገራል። በእኛ መካከል የሚጠጣ ወንድም ግን መጠጡንም ይደብቃል፣ ትግሉንም ይደብቃል። ያዕቆብ ኃጢአታችንን እርስ በርስ እንድንናዘዝ ያስተማረው ላሸናፊዎች ብቻ አልነበረም።

መጽሐፉ ጉድለት የለበትም አልልም። ስለ እግዚአብሔር ሲናገር እያንዳንዱ በገባው መጠን እንዲረዳው ይተወዋል፤ እኛ ግን ስሙን እናውቃለን፤ ኢየሱስ ብለን እንጠራዋለን። ለሚስቶች የተጻፈውን ምዕራፍ የጻፈው ራሱ ቢል ነው፤ ባለቤቱ ሎይስ ልትጽፈው ፈልጋ ነበር። ስለዚህ የቤቱ ሕመም በሴቷ አፍ አልተነገረም። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ይህ ጉድለት ይበልጥ ይታያል። እዚህ መጠጡ ከውጭ ብቻ አይመጣም፤ ብቅሉ፣ ጌሾውና ድፍድፉ ከጓዳ ነው። አረቄ አውጥታ ሸጣ ለልጆቿ ደብተር የምትገዛ እናት አለች። ልጇ ከመጠጥ ራቅ ቢባል ከማን ቤት ይራቅ? ጎረቤት በደገሰው ድግስ ጠላ አልቀምስም ማለትም እንደ ንቀት ሊቆጠር ይችላል። ይህን ቤት መጽሐፉ አያውቀውም።

ስምን ስለ መሰወር የሚለውም እንደዚሁ ነው። «የማን ልጅ ነህ?» በሚባልበት ከተማ ስም አይሰወርም። እዚህ ሰውን የሚጠብቀው የሰሚዎቹ ዝምታ ነው።

ታዲያ ይህን መጽሐፍ እንዴት እናንብበው? አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት፣ እንዲያውም ለሕይወት የሚያሰጋ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊደርስበት ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ሐኪም ማየት እምነት ማጣት አይደለም፤ ቦብ ስሚዝ ራሱ ሐኪም ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን ቢል ያደረገውን አድርጉ። አፉን የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ ወይም አገልጋይ ምረጡና ንገሩ። «እንደ እኔ የሚታገል ሌላ ሰው ታውቃላችሁ? ፈቃዱን ጠይቃችሁ አገናኙን» በሉ። በሳምንት አንድ ሰዓት፣ በአንድ ሰው ቤት፣ ቡና ተፈልቶ መነጋገርና መጸለይ ይቻላል። እናንተ የኅብረት መሪዎችም፣ እንዲህ ብሎ የሚመጣ ሰው ጉዳዩ በሚቀጥለው የጸሎት ርዕስ ውስጥ እንደማይነበብ እርግጠኛ ይሁን።

ጌታችን በመካከላቸው እንደሚገኝ የተናገረው በስሙ ለሚሰበሰቡ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ነው። ስብሰባውን ፈልጋችሁ ካጣችሁ፣ ሁለተኛውን ሰው ፈልጉ።