የወደቀው ቤት ምስክር
ስለ ሥርወ መንግሥታት አወዳደቅና ስለ ታሪካዊ ተውኔታችን የቀረበ ሂስ

ሥርወ መንግሥት ሁለት ጊዜ ይወድቃል፤ አንድ ጊዜ በጦር ሜዳ፣ ሁለተኛ ጊዜ በብራና ላይ። የመጀመሪያውን ውድቀት ወታደር ይፈጽመዋል፤ ሁለተኛውን ጸሐፊ። እኛ የተውኔት ሰዎች ደግሞ ከብራናው ተነሥተን፣ መብራት አብርተንና መጋረጃ ገልጠን፣ ሦስተኛ ጊዜ እንጥለዋለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሦስተኛ ውድቀት መመርመር ነው።

ምርመራውን ከራሴ እጀምራለሁ። ከሃያ ዓመታት በፊት፣ ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ ሰሞን፣ ስለ ሀዲያው ገራድ ማሒኮ የግጥም ተውኔት ጽፌ ነበር። ምንጬ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕል ነው። ዜና መዋዕሉ ገራዱን ዐመፀኛና ግብር ከልካይ ስለሚለው፣ እኔም ያንኑ በስንኝ አሳምሬ ጻፍሁት። ንጉሡ ብርሃን፣ ገራዱ ጨለማ ሆኑ። ተውኔቱ በሆሳዕና ከተማ በታየ ማግስት፣ ከተመልካቾቹ መካከል የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቡና ጋበዙኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ግጥሙ ያምራል። ነገር ግን የእኛን ሰው አላነጋገርኸውም። ሌሊቱን ሙሉ በእርሱ አፍ ሲናገር ያመሸው ጠላቱ ነው።» መልስ አልነበረኝም።

በቅርቡ እዚያው ከተማ፣ በአንድ ወጣት የቲያትር ቡድን የተዘጋጀ ሌላ ተውኔት ስለዚሁ ገራድ ለማየት በቃሁ። የወጣቶቹ ትወና የሚያስመሰግን ነው፤ ፈረሰኞቹን በከበሮ ድምፅ ብቻ ያሳዩበት ትዕይንት ከዓይኔ አልጠፋም። ይዘቱን ስንመለከት ግን በዚህኛው ማሒኮ እንከን የለውም፤ ሥልጣን አይመኝም፣ ሕዝቡን አያስገብርም፣ ባሪያ አያውቅም። ከንጉሡ ጋር የቆመው አጎቱ ባሞ ደግሞ መድረክ በረገጠ ቁጥር ክፋቱን ራሱ ያውጃል። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ እኔም አጨበጨብሁ። ወደ ማደሪያዬ ስመለስ ግን ያየሁት የራሴን ተውኔት መሆኑን ተረዳሁ። ተገለበጠ እንጂ አልታረመም።

ለመሆኑ ስለ ወደቀ ሥርወ መንግሥት እውነቱን ማን ይነግረናል? ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። ጥያቄው ከሁሉም አገር ይልቅ ጐልቶ የታየው በጥንታዊት ቻይና ታሪክ ውስጥ ስለሆነ፣ አንባቢ ለጥቂት ጊዜ ወደዚያ እንዲከተለኝ እጠይቃለሁ።

በቻይናውያን ትውፊት መሠረት የመጀመሪያው ሥርወ መንግሥት ሺያ ነው፤ እርሱን ሻንግ ጣለው፤ ሻንግን ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1046 ገደማ በሙዬ ሜዳ ላይ ዦው ድል አደረገው። ድል አድራጊዎቹ የዦው ሰዎች አንድ ከባድ ጥያቄ ነበረባቸው፤ ትናንት ገባር የነበረ ቤት ዛሬ ጌታውን ጥሎ ሲነግሥ በምን ሥልጣን ነው? መልሳቸው «የሰማይ አደራ» የሚለው ትምህርት ሆነ። ሰማይ አደራውን ለጻድቅ ይሰጣል፤ ንጉሥ ሲበድል ይነሣዋል። ከሺያ ወስዶ ለሻንግ፣ ከሻንግ ወስዶ ለዦው ሰጠ። ይህ ትምህርት እንዲጸና የመጨረሻው የሻንግ ንጉሥ ዲ ሺን የግድ ክፉ መሆን ነበረበት። ከትውልድ ወደ ትውልድም ክፋቱ እየተጨመረበት ሄደ፤ ኩሬ ሙሉ የወይን ጠጅ አስቆፈረ፣ ሥጋ በዛፍ ላይ ሰቅሎ ደን አስመሰለ ተባለ።

የእኛ አንባቢ ይህን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። እ.ኤ.አ. በ1270 የዛጉዌ መንግሥት ወድቆ ይኩኖ አምላክ ሲነግሥ፣ የተሰጠው ማስረጃ ከዚሁ የሚመሳሰል ነበር፤ ዙፋኑ የሰሎሞን ዘር ነውና ወደ ባለቤቱ ተመለሰ ተባለ። ላሊበላን የፈለፈለ ሥርወ መንግሥት በክብረ ነገሥት መደምደሚያ ላይ የእስራኤል ወገን ያልሆነ ተብሎ ታለፈ።

የቻይናን ጥንታዊ ትውፊት በአንድነት የጻፈው ታላቁ የታሪክ ሰው ሲማ ቺየን ነው። እርሱ በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ ማለትም ሻንግ ከወደቀ ወደ ዘጠኝ መቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ የኖረ ሲሆን፣ ድል ለሆነ አንድ የጦር አዛዥ በመሟገቱ ንጉሠ ነገሥቱ እንዲሰለብ የፈረደበት፣ ከውርደቱም በኋላ መጽሐፉን የፈጸመ ሰው ነው። እርሱ የመዘገበውን የሻንግ ነገሥታት ዝርዝር በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የነበሩ ተመራማሪዎች ተረት ነው እስከ ማለት ደርሰው ነበር።

ነገሩን የለወጠው አጥንት ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 መድኃኒት ተብለው ይሸጡ በነበሩ አሮጌ አጥንቶችና የዔሊ ልባሶች ላይ ጥንታዊ ጽሕፈት መኖሩ ታወቀ። ከ1928 ጀምሮም አንያንግ አጠገብ በተደረገ ቁፋሮ የሻንግ የመጨረሻ መናገሻ ወጣ። አጥንቶቹ የንግርት መጠየቂያዎች ነበሩ፤ ዝናብ ይዘንባልን? መከሩ ይሰምራልን? የንጉሡ የጥርስ ሕመም ከየትኛው አያት ቁጣ መጣ? የወደቀው ቤት ከሦስት ሺህ ዓመታት በኋላ በራሱ አንደበት ተናገረ።

የተናገረውም ለሁላችንም ትምህርት ነው። አንደኛ፣ ተረት የተባለው የነገሥታት ዝርዝር ከጥቂት ስሕተት በስተቀር እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ስለሆነም በቃልና በልማድ የተላለፈ ነገር በጅምላ የሚናቅ አይደለም። ሁለተኛ፣ አጥንቶቹ ሻንግን አላጸደቁትም፤ ምርኮኞች ለአያቶች መንፈስ በብዛት ይሠዉ እንደነበር የራሱ የሻንግ ጽሕፈት ይመሰክራል። ሦስተኛ፣ መጻሕፍት ያላወቋት ሴት ከመቃብር ወጣች። እ.ኤ.አ. በ1976 የተገኘው የፉ ሃዎ መቃብር ከ400 በላይ የነሐስ ዕቃዎች ነበሩት፤ አጥንቶቹም ይህች የንጉሥ ዉ ዲንግ ሚስት ጦር ትመራ እንደነበር ይናገራሉ። እነዚህን አጥንቶች ካጠኑት ታላላቅ ሰዎች አንዱ ጉዎ ሞሩዎ ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት እንደነበር ለሙያ ጓደኞቼ ማስታወስ እወዳለሁ።

አሁን ወደ ሀዲያ እንመለስ። እዚህም የመጀመሪያው ብራና የድል አድራጊው ነው። የይኩኖ አምላክ የልጅ ልጅ የሆነው ዐፄ ዓምደ ጽዮን (1314–1344 እ.ኤ.አ.) ሀዲያን አስገበረ። ዜና መዋዕሉ ሲተርክ፣ የሀዲያው ንጉሥ አማኖ ለመገበር እምቢ ያለው በልዓም የሚባል ሐሰተኛ ነቢይ ስለ መከረው ነው ይላል። አንባቢ ስሙን ልብ ይበል፤ ከኦሪት ዘኁልቍ የወጣ ስም ነው። ጸሐፊው ታሪክ እየጻፈ ብቻ አይደለም፤ መጽሐፍ ቅዱስን በሀዲያ መሬት ላይ እየተረከ ነው። እምቢታው የኢኮኖሚም የፖለቲካም ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል አይጠይቅም፤ ኃጢአት ካለ ምክንያት አያስፈልግምና።

ከዚያው ዘመን ሌላ ምስክር አለ። በማምሉኮች መንግሥት ጸሐፊ የነበረው አል ዑመሪ ሀዲያን ሳያያት፣ ከኢትዮጵያ ከመጡ ሰዎች በሰማው መሠረት ገልጿታል። በእርሱ ዘገባ ሀዲያ 40,000 ፈረሰኞች ነበሯት፤ የምትገበያየውም ሐኩና በሚባል የብረት ገንዘብ ነበር። የተሰለቡ ባሮች የሚታከሙባትና የሚሸጡባት አገር እንደ ነበረችም ይኸው ሰው ጽፏል። ፈረስ፣ ብረት፣ የሩቅ ንግድ፣ ባሪያ፤ እነሆ የገራዶቹ ኃይል መሠረት። የገራዱንና የዐፄውን ግጭት ለመረዳት የሚረዳው በልዓም አይደለም፤ ይህ መሠረት ነው። ይኸው መሠረት ግን ወጣቶቹ ከተውኔታቸው ያስወጡትንም ነገር ይዟል። የባሪያ ንግዱን ከመድረክ ደብቆ የአባቶችን ክብር መጠበቅ አይቻልም፤ በሰንሰለት ያለፉትም አባቶች ነበሩና።

አንድ መቶ ዓመት ገደማ አልፎ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ነገሠ። የሀዲያውን ገራድ የመሐመድን ልጅ እሌኒን አገባ፤ እርሷም ቀኝ በዓልቲሐት ተብላ ተሾመች። ወንድሟ ማሒኮ ግብር ከልክሎ ዐመፀ። አጎታቸው ባሞ ከንጉሡ ጋር ቆመና የማሒኮን ሹመት ተቀበለ። ማሒኮ ሸሸ፤ የዳሞት ሠራዊት ተከትሎ ገደለው። ዜና መዋዕሉ ይህን ሁሉ በጥቂት ገጾች ያልፈዋል።

የተውኔት ሰው ይህን ሲያነብ እጁ ሊንቀጠቀጥ ይገባል። እኅት በቤተ መንግሥት፣ ወንድም በጫካ፣ አጎት በመካከል! የማሒኮ ሞት ሲነገር እሌኒ ምን አለች? ዜና መዋዕሉ ዝም ይላል። እኔም ከሃያ ዓመታት በፊት ዝም አልሁ፤ በተውኔቴ ውስጥ እሌኒ አንድ ስንኝ እንኳ አልነበራትም። ወጣቶቹም በአንድ ትዕይንት ብቻ አስለቅሰው መለሷት። ይህች ሴት ግን ከባሏ ሞት በኋላ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ኖራ፣ በእድሜዋ ማምሻ ስለ ሕፃኑ ዐፄ ልብነ ድንግል መንግሥት ያስተዳደረች፣ ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ የላከች ታላቅ ፖለቲከኛ ናት። የእኛ ፉ ሃዎ መቃብሯ እስኪቆፈር አያስፈልጋትም፤ ብራናው ውስጥ ቆማ ደራሲ ትጠብቃለች።

ጋብቻው በሁለቱ ቤቶች መካከል እንደ ውል ያገለግል ነበር፤ ውሉ ሲላላ የሆነውንም እናውቃለን። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬስ እንደሚተርከው፣ ልብነ ድንግል የታጨችለትን የሀዲያ ንጉሥ ልጅ የፊት ጥርሶቿ ትላልቅ ናቸው ብሎ ሳያገባት ቀርቷል። ጥቂት ቆይቶ የኢማም አሕመድ ጦርነት መጣ፤ ሀዲያም ከኢማሙ ጎን ተሰለፈች። ጦርነቱን ያመጡት ጥርሶች ናቸው የሚል ተሳላቂ ተውኔት አልመኝም፤ አንድ ሥርዓት ሲያረጅ ግን ስንጥቁ እንዲህ ባለው ጥቃቅን ነገር ውስጥ ይታያል፤ መድረክም የሚያሳየው ስንጥቅን ነው። ከዚያ በኋላ በ1560ዎቹ መጨረሻ ዐፄ ሠርፀ ድንግል ገራድ አዜን ወጋ፤ የኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋትም የአካባቢውን ገጽታ ለወጠ፤ ታላቁ የገራዶች መንግሥት ተበታተነ።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት መታረም አለበት። የወደቀው ሥርወ መንግሥት ነው እንጂ ሕዝቡ አይደለም። ሌሞ፣ ሶሮ፣ ሻሾጎ፣ ባደዋቾ የሚባሉት ወገኖች የዘር ሐረጋቸውን በቃል ይዘው እስከ ዛሬ አሉ። ጎረቤታቸው ከምባታም በአምባሪቾ ተራራ ዙሪያ፣ በወማዎቹ ሥር፣ ዐፄ ምኒልክ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስካስገበሩት ድረስ ራሱን ችሎ ቆይቷል። ገዢው የኦያታ ጎሣ አባቶቻችን ከሰሜን መጡ የሚል ትውፊት አለው። ይህንንም በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል፤ ከሩቅ መጣሁ ማለት ሥልጣንን ያጸናልና፣ የሰሎሞን ዘር ነኝ ካለው ቤት የተለየ አካሄድ አይደለም።

ጀርመናዊው ተመራማሪ ኡልሪሽ ብራውኬምፐር በ1970ዎቹ ከሽማግሌዎች አንደበት የሰበሰበውን ከብራናዎቹ ጋር እያስተያየ የሀዲያን ታሪክ በ1980 አሳተመ። ሥራው የሚያሳየን በቃል የተያዘው ሐረግ የእኛ አጥንት መሆኑን ነው። ልዩነቱ ግን ከባድ ነው፤ የአንያንግ አጥንት ሦስት ሺህ ዓመት መሬት ውስጥ ይጠብቃል፤ ሽማግሌ አይጠብቅም።

ታሪካዊ ድርሰታችን ስለ ውድቀት መጻፍ አያቅተውም። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ቴዎድሮስ»፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ»፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» ዜና መዋዕል ብቻ ከመድገም አልፈው የአንድን ንጉሥ ውስጣዊ ስብራት ለማየት የጣሩ ሥራዎች ናቸው። ለመቅደላ የተሰጠው ትዕግሥት ለሀዲያና ለከምባታ የሚነፈግበት ምክንያት የለም። ነገር ግን ትዕግሥት ማለት ውዳሴ አይደለም። ድል አድራጊው ክፉ ያለውን ሁሉ ቅዱስ ማድረግ፣ ለዜና መዋዕሉ ጸሐፊ ሌላ ዙፋን መስጠት ነው፤ ሚዛኑ የእርሱ እንደ ሆነ ይቀራል፤ የተለወጠው የተመዛኙ ቦታ ብቻ ነው።

ስለሆነም ለወጣቶቹ የምመክረው፣ ለራሴም የማዝዘው ይህን ነው። ባሞ ከሃዲ ከመባሉ በፊት ፈርቶ እንደ ሆነ፣ ሥልጣን ተመኝቶ እንደ ሆነ ወይስ አገሩን ከእሳት ሊያድን አስቦ እንደ ሆነ ይጠየቅ፤ ሦስቱም በአንድ ልብ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ግብሩ ከማን ጎተራና ከማን በረት እንደ ወጣ ይታይ። እሌኒ ትናገር። ሀዲይሳ በመድረክ ላይ ይሰማ፤ ገራዱ በአማርኛ ብቻ እያለቀሰ አይሙት።

እኔም የድሮውን ተውኔቴን ከሣጥን አውጥቼ እንደገና መጻፍ ጀምሬአለሁ። የመጀመሪያው ትዕይንት የእሌኒ ነው። ቡና የጋበዙኝ ሽማግሌ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ስለ ማሒኮ የሚያውቁትን ሳልጠይቃቸው ነበር የተሰናበትኋቸው። ግጥሜን ማወደሳቸውን ብቻ ለዓመታት ሳስታውስ ኖርሁ።