በበርሊን ጥሩ ሙዚቃ ፍለጋ፤ ስለ ጭፈራ ቤቶች የቀረበ ሂስ

ወደ አውሮፓ ለትምህርት የተሻገረ ጓደኛ ሲመለስ ስለ በርሊን ጭፈራ ቤቶች የሚያወራልን ወሬ ከሁለት ዓይነት አያልፍም። አንደኛው፣ «ሌሊቱን ሙሉ አንድ ነገር ይደበድባሉ፤ ግጥም የለው፣ ዘፋኝ የለው፣ የወፍጮ ቤት ድምፅ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ስለ ሙዚቃው አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ «ስንቱ ሲመለስ እኔን ዘበኛው አስገባኝ» ብሎ ደረቱን የሚነፋ ነው። የመጀመሪያው ሳይሰማ ፈረደ፤ ሁለተኛው ሳይሰማ አደነቀ። በእኛ ግምት የሁለቱ ጆሮ አንድ ነው።

እኛ ይህን ሂስ የምናቀርበው በዚያች ከተማ ለአንድ የትምህርት ዓመት የቆየን የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ነን። ለመናገር የምንፈልገውም አንድ ነገር ነው። ባዕድ አገር የሚኖር ሰው «ስመ ጥሩው ቤት የትኛው ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አድራሻ ያገኛል እንጂ ሙዚቃ አያገኝም። መጠየቅ ያለበት «እንዴት ይደመጣል? ከየት መጣ? ዛሬ ማታ የሚጫወተውስ ማነው?» ብሎ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ተራ በተራ እንመለከታለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

በመጀመሪያ ስለ አደማመጥ። የእኛ ጆሮ በቃል ያደገ ጆሮ ነው። ዘፈን ስንሰማ ፊታችንን የምናዞረው ወደ ግጥሙ ነው፤ ሰሙን ይዘን ወርቁን እንፈልጋለን፤ ግጥሙ ተራ ከሆነ «ዜማው ጥሩ ነበር፣ ግን...» ብለን እንተወዋለን። በዚህ ሚዛን ቴክኖን ብንመዝነው ባዶ ሆኖ መገኘቱ ምን ይደንቃል? ልብስ በሊትር አይለካም። ነገር ግን ሠርግ ቤት እናስታውስ። ከበሮው አንድ ምት ይዞ፣ ተቀባዩ አንዱን አዝማች ለስንትና ስንት ጊዜ እየመለሰ፣ ጭብጨባው ሳይቋረጥ አንድ ሰዓት ሲሄድ «ኧረ ሰለቸን፣ ቀይሩልን» የሚል ሰው አለ ወይ? የለም። ምክንያቱም ያን ጊዜ የሚያዳምጠው ትከሻ ነው። ከበሮ መቺው በትንሹ ፈጠን ሲል፣ አንዱን ምት ጠበቅ ሲያደርግ፣ እስክስታ ወራጁ ከጆሮ ቀድሞ ያውቀዋል።

ቴክኖም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ምቱ በደቂቃ ከ120 እስከ 140 ያህል ጊዜ ይመታል፤ አራት አራት እየሆነ ይቆጠራል። ዲጄው ሁለት ሸክላ በሁለት ማጫወቻ ላይ ያስቀምጣል። የሁለቱን ፍጥነት በእጁ እያስተካከለ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን ያስገባል። ሁለቱ አብረው በሚሄዱባቸው ደቂቃዎች ከሁለቱ ሸክላዎች በአንዱም ላይ ያልተቀረጸ ሦስተኛ ሙዚቃ ይወለዳል። ከዚያ ወፍራሙን ድምፅ ይቀንሳል፤ የቀጭኑ ጸናጽል መሰል ድምፅ ብቻ ይቀራል፤ ሰው ሁሉ እግሩ ከመሬት የተነሣ ይመስለዋል። ወፍራሙ ሲመለስ ደግሞ በደረት ይሰማል። ታሪክ የሚነገረው በጊዜ ነው፤ ለዚህ ነው አንድ ዲጄ አራትና አምስት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚጫወተው። ግማሽ ሰዓት ቆሞ «አንድ ነገር ይደበድባሉ» ብሎ የሚወጣ ሰው የልብ ወለድን የመጀመሪያ ገጽ አንብቦ መጽሐፉን እንደሚተች ሰው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ሙዚቃው ከየት መጣ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ቴክኖ የጀርመን ልጅ ይመስለዋል። በ1977 በቺካጎ ከተማ ዌርሀውስ (መጋዘን) የሚባል ክለብ ተከፈተ። ዲጄው ፍራንኪ ናክልስ ነበር። ታዳሚው በአብዛኛው ጥቁርና ላቲኖ፣ ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅር፣ ሌላው ቤት በር የሚዘጋበት ሰው ነበር። «ሀውስ» የሚባለው ሙዚቃ ስሙን ያገኘው ከዚያ ቤት ነው ይባላል። በዲትሮይት አጠገብ ባለችው በቤልቪል ደግሞ ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቨን ሳውንደርሰን የሚባሉ ሦስት ጥቁር የትምህርት ቤት ጓደኞች ነበሩ። ኤሌክትሪፋይንግ ሞጆ የሚባለው የዲትሮይት የሬዲዮ ሰው ማታ ማታ የጀርመኖቹን የክራፍትቨርክን ሸክላ ከጥቁሮቹ ፈንክ ጋር እያፈራረቀ ያሰማቸው ነበር። አትኪንስ በ1981 ሳይቦትሮን በሚል ስም ከሪክ ዴቪስ ጋር የመጀመሪያውን ሸክላ አወጣ። በ1988 በእንግሊዝ አገር የዲትሮይት ወጣቶችን ሥራ የሰበሰበ አልበም ሲታተም «ቴክኖ» የሚለው ቃል የሙዚቃው መጠሪያ ሆኖ ዓለምን ዞረ።

መሣሪያውም የሚነግረን ነገር አለ። ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1980 ቲ.አር. 808፣ በ1983 ቲ.አር. 909 የሚባሉ የኤሌክትሪክ ከበሮዎችን አወጣ። በ1981 ያወጣው ቲ.ቢ. 303 ደግሞ ብቻውን ለሚለማመድ ጊታር ተጫዋች ቤዝ እንዲሆነው የታሰበ ትንሽ ሣጥን ነበር። ድምፁ ቤዝ ጊታር አልመስል አለና ገበያ አጣ፤ ዋጋው ወደቀ፤ አሮጌ ዕቃ መሸጫ ገባ። ገንዘብ ያልነበራቸው የቺካጎ ልጆች በርካሽ ገዝተው፣ ቁልፉን ባልታሰበበት አቅጣጫ እያዞሩ፣ ማንም ሰምቶት የማያውቅ የሚያጉረመርም ድምፅ አወጡበት። እንግዲህ ይህ «የመኪና ሙዚቃ» የሚባለው ነገር፣ መኪናው የተሠራበትን ዓላማ እምቢ ባሉ ሰዎች እጅ የተፈጠረ ነው።

ታዲያ በርሊን እንዴት ቤቱ ሆነች? የበርሊን ግንብ በኅዳር 1989 ፈረሰ። በምሥራቁ ክፍል ባለቤቱ ያልታወቀ ፋብሪካ፣ መጋዘንና ምድር ቤት ሞልቶ ነበር። በምዕራቡ በኩል ደግሞ የመጠጥ ቤት መዝጊያ ሰዓት ገደብ ከ1949 ጀምሮ የለም። ዲሚትሪ ሄገማንና ጓደኞቹ በመጋቢት 1991 በላይፕሲገር ጎዳና ላይ፣ የቀድሞው የቬርትሃይም ትልቅ መደብር ምድር ቤት ውስጥ ክለብ ከፈቱ። ቬርትሃይም መሥራቾቹ አይሁዳውያን የነበሩና ናዚዎች ከእጃቸው ያወጡት ድርጅት ነበር። ክለቡ ያረፈው በገንዘብና በዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ስለ ነበር «ትሬዞር» ተባለ፤ ካዝና ማለት ነው። የዛገው የብረት ፍርግርግ እንዳለ ቀረ። የትሬዞር የሸክላ ማሳተሚያ በዚያው ዓመት ያወጣው የመጀመሪያ ሥራ የዲትሮይቶቹ የማይክ ባንክስ፣ የጄፍ ሚልስና የሮበርት ሁድ ነው። ባንክስና ሚልስ አንደርግራውንድ ሬዚስታንስ የሚባለውን፣ ፊትን መሸፈንና ከትልልቅ ኩባንያዎች መራቅን መመሪያው ያደረገውን ቡድን ያቋቋሙ ናቸው። ከተማው ለሁለት ተከፍሎ የኖረ ወጣት እንደገና የተገናኘው እንግዲህ በጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ላይ ነው።

ሂሳችን ጠንከር የሚለው እዚህ ላይ ነው። በ2016 የበርሊን-ብራንደንቡርግ የፊናንስ ፍርድ ቤት ቤርግሃይን የሚባለው ክለብ ዝግጅት ከኮንሰርት እኩል ስለሆነ የሚከፈለው ግብር 19 በመቶ መሆኑ ቀርቶ 7 በመቶ ይሁን ብሎ ፈረደ። በ2021 የጀርመን ፓርላማ ክለቦች እንደ ባህል ተቋም እንዲታዩ ወሰነ። በመጋቢት 2024 ደግሞ የበርሊን ቴክኖ ባህል በአገሪቱ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገባ። ደስ ይላል፤ የጭፈራ ወለል ከቲያትር ቤት ወንበር ጋር መታየቱ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ «የበርሊን ቅርስ» የሚለው ስም እየገነነ ሲሄድ ዲትሮይት የግርጌ ማስታወሻ ትሆናለች። ማንም ሰው በርሊንን ሲያነሣ ቺካጎንና ዲትሮይትን ካላነሣ ታሪኩን ከግማሹ ጀመረ ማለት ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ሌላው ቢረሳ እንኳ ይህን ሊረሳ አይገባውም፤ በዚያ ወለል ላይ «የነሱ ነገር» እያለ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆመው ጥቁር ተማሪ፣ የሚሰማው ነገር የጥቁር ልጆች ሥራ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ አቋቋሙ ይለወጥ ነበር።

ስለ በሩም ሳንናገር አናልፍም። ቤርግሃይን በ2004 በአንድ አሮጌ የኃይል ማመንጫ ውስጥ ተከፈተ። ስሙ ክሮይትስቤርግና ፍሪድሪሽስሃይን ከሚባሉት ሁለት ሰፈሮች ጫፍ የተቆረጠ ነው። ውስጡ ፎቶግራፍ ማንሣት ክልክል ነው፤ በር ላይ የስልክ ካሜራ ላይ ወረቀት ይለጠፋል። ይህን ሕግ እናደንቃለን። ሰው ለመታየት ሳይሆን ለመስማት እንዲገባ ያደርጋል። ግን በሩ ራሱ በጊዜ ብዛት አምልኮ ሆነ። በብርድ ሁለት ሰዓት የሚሰለፈው ሕዝብ ግማሹ ማን እንደሚጫወት አያውቅም፤ የሚያውቀው ማን እንደሚመለስ ነው። በር ጥበቃ የሚያስፈልግበት ምክንያት ይገባናል፤ ሌላ ቦታ የሚንቋሸሽ ሰው ውስጥ ገብቶ በሰላም እንዲጨፍር ነው። ከእኛ መካከል ግን ስሙን በማንጠራው አንድ ቤት በር ላይ ያለ ምንም ጥያቄ፣ ፊታችን ብቻ ታይቶ «ዛሬ አይሆንም» ተብለን የተመለስን አለን። የተገፉ ሰዎች የፈጠሩትን ሙዚቃ የሚያጫውት ቤት ሰውን የሚመርጥበት ሚዛን ምንድነው? ይህ ጥያቄ እስኪመለስ ድረስ ዘበኛ ያስገባው ሰው የሚኮራበት ነገር ያለ አይመስለንም።

ክለቦቹንም የሚገፋ አለ፤ እሱም ኪራይ ነው። ትሬዞር በ2005 ከካዝናው ወጣ፤ በ2007 ኮፐኒከር ጎዳና ላይ ባለ ሌላ አሮጌ ኃይል ማመንጫ ውስጥ እንደገና ተከፈተ። በ2002 በወንዙ ዳር የተከፈተው ዋተርጌት ኪራዩና ወጪው ከብዶት በ2024 መጨረሻ ተዘጋ። ባዶ ቤት የሰጠችው ከተማ ቤቱን ውድ አድርጋ መልሳ እየወሰደችው ነው ማለት ነው። ስለዚህ ያለፈው ዓመት የአድራሻ ዝርዝር ለዘንድሮ አይረባም።

ታዲያ ሰው በተግባር ምን ያድርግ? አንደኛ፣ ከክለብ በፊት ሸክላ ቤት ይሂድ። በበርሊን ሃርድ ቫክስ የሚባለውን ማርክ ኤርኔስቱስ በ1989 ከፈተው፤ የዲትሮይት ሸክላ ለከተማው ዲጄዎች ሲከፋፈል የኖረው ከዚያ ነው። ሸክላ ቤት መስማት ነፃ ነው፤ ማንም ፊትህን አይቶ አይመልስህም፤ ሻጩን «ይህን የሠራው ማነው?» ብትለው ሦስት ሌላ ያወጣልሃል። ሁለተኛ፣ የሠሪውን ስም ይዘህ ያ ሰው የት እንደሚጫወት ፈልግ፤ ቤቱ ትንሽ ይሁን ትልቅ አትጨነቅ። ሦስተኛ፣ ሰዓት ምረጥ። ሌሊቱ ሲጋመስ የሚገባው ሕዝብ ለሆይ ሆይታ ነው፤ እሑድ ጠዋትና ቀትር ላይ የሚቀረው ግን አድማጭ ነው፤ ወለሉም ሰፊ ነው። አራተኛ፣ ድምፅ ማጉያው መካከል ቁም እንጂ ቡና ቤቱ ጋ አትቁም፤ ጆሮህንም ጠብቅ፤ መድፈኛው ርካሽ ነው።

ይኸው ኤርኔስቱስ ከሞሪትስ ፎን ኦስቫልድ ጋር ቤዚክ ቻነል በሚል ስም የቴክኖን ድምፅ ወደ ጥልቁ ከወሰደ በኋላ ወደ ሴኔጋል ሄዶ ከምባላህ ከበሮ መቺዎች ጋር መሥራት ጀመረ። በሌላ አነጋገር፣ የበርሊን ጆሮ አፍሪካ ድረስ መጥቶ ተማረ። የእኛስ? ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ የቀረው ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከኤሌክትሪክ ከበሮ ጋር ብቻውን ቀርጾ ካሴት አወጣ። ከዚያም በዋሽንግተን ለብዙ ዓመት ታክሲ ነዳ። ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም የውጭ አገር ወጣት ተሻማበት። ሚካኤል ሰይፉ በ2014 «ያራዳ ልጅ»ን፣ በ2016 «ዘላለም»ን ሲያወጣ፣ እንደገና ሙሉም ኢትዮጵያን ሬከርድስ በሚል ስም ሲሠራ፣ የአገር ቤቱን የሙዚቃ መሣሪያና ዜማ ከኮምፒውተር ምት ጋር አስታርቀዋል። ይህን ሥራ ከእኛ ዘንድ ስንቱ ሰምቶታል? ፈረንጅ ካዳመጠ በኋላ ማዳመጥ ልማድ ከሆነብን፣ ጥፋቱ የፈረንጅ አይደለም።

ባጭሩ፣ በባዕድ አገር ጥሩ ክለብ ማለት ስሙ የገነነ ቤት አይደለም። ድምፁ የጠራ፣ ዲጄው ጊዜ የተሰጠው፣ ጨፋሪው እርስ በርሱ የማይጠባበቅ፣ ሙዚቃው የማን እንደ ሆነ የሚታወቅበት ቤት ነው። እንዲህ ያለው ቤት ሃምሳ ሰው የሚይዝ ምድር ቤት ሊሆን ይችላል። ወደፊት የሚሄዱ ጓደኞቻችን ሲመለሱ ዘበኛው ምን እንዳላቸው እንዲነግሩን አንፈልግም፤ ምን እንደ ሰሙ፣ በስንት ሰዓት፣ በማን እጅ፣ ያን ይጻፉልን። ይህን ሂስ የሚቃወም ካለም ብዕሩን ያንሣ፤ የሚቀጥለው ዕትም ገጽ ክፍት ነው።