«ፊደሉ ጠፋ»፤ ከላፕቶፕ ቁልፍ ላይ ስለሚለቅ ጽሑፍና ስለ ግሶቹ አጠቃቀም የቀረበ ሂስ

በቃለ ሙያ ሥራ የተሰማሩ ወገኖች አዲስ ዕቃ ወደ አገር ሲገባ ከሁሉ አስቀድመው የሚፈልጉት የዕቃውን ስም ነው። ስሙ ተገኝቶ በዝርዝሩ ውስጥ ከሰፈረ በኋላ ሥራው የተፈጸመ ይመስላቸዋል። ዕቃው ሲያረጅ፣ ሲሰበር ወይም ከጠባዩ ሲወጣ ምን ሆነ ተብሎ እንደሚነገር፣ ማለትም ስለ ግሱ፣ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ ልንነቅፈው የተነሣነው ልማድ ይኸው ነው። ለማስረጃ የምናቀርበው ጉዳይ ትንሽ ይመስል ይሆናል፤ ይኸውም በላፕቶፕ ቁልፎች ላይ የታተሙት ፊደላት ከጊዜ ብዛት ሲለቁ ባለቤቱ ለአምራቹ ወይም ለወኪሉ አቤቱታውን በምን ቃል ያቀርባል የሚለው ነው።

ጉዳዩን በአንድ ስፍራ ላይ አድርገን ብናየው ይበልጥ ይገለጣል። ሀደሮ ከሆሳዕና በስተደቡብ በከምባታ ምድር የምትገኝ፣ አካባቢዋ በዝንጅብል ምርት የታወቀ ከተማ ናት። ከተማይቱ የምትገኝበት፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ በአካባቢው ግን ከምባትኛና ሀዲይኛም ይነገራሉ፣ ይጻፋሉም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ሁለቱም ከነዚሁ መካከል ነበሩ፤ የማስተማሪያው ጽሑፍም በግእዝ ፊደል የተዘጋጀ ነበር። ከ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ ግን ሁለቱም በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። ስለዚህም በሀደሮ አንድ ጸሐፊ ጠዋት የአማርኛ ደብዳቤ፣ ከሰዓት በኋላ የከምባትኛ ጽሑፍ በአንዱ ላፕቶፕ ላይ ቢያዘጋጅ የሚያስደንቅ አይሆንም። የአምራቹ ወኪል ከከተማይቱ ርቆ በሚገኝበት ጊዜ ደግሞ አቤቱታው የሚቀርበው ዕቃውን በማሳየት ሳይሆን በደብዳቤ ወይም በስልክ ነው። በዚህን ጊዜ የነገሩ ክብደት ሁሉ በቃሉ ላይ ይወድቃል።

አስቀድመን ስለ ስሞቹ ጥቂት እንበል። በአማርኛ በተተረጎሙ የኮምፒዩተርና የስልክ ገጾች ላይ «የቁልፍ ሰሌዳ» የሚለው ስያሜ ጸንቷል፤ ሕዝቡ ግን ዘወትር «ኪቦርድ» ይላል። በዚህ ላይ ክርክር አናነሣም። «ቁልፍ» የበሩንም የልብሱንም የሚጠራ ቃል ቢሆንም፣ ከዐውዱ የተነሣ ማንም አይሳሳትበትም። ችግሩ የሚጀምረው በቁልፉ ላይ የታተመውን ነገር ያለ ልዩነት «ፊደል» ብለን ስንጠራው ነው።

በጽሕፈት መኪና ዘመን ይህ አጠራር ትክክል ነበር። በ1920ዎቹ ዓ.ም. መሐንዲሱ አያና ብሩ የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ሲያበጁ፣ ኋላም እንደ ኦሊቬቲ ያሉት ኩባንያዎች የአማርኛ መኪና ሠርተው ሲያቀርቡ፣ በቁልፉ ላይ የሚታየው ጸሐፊው በወረቀት ላይ የሚያገኘው የግእዝ ፊደል ወይም የፊደሉ ክፋይ ነበር። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ድምፅ ተባዝተው 231 ስለሚሆኑና ይህን ያህል ቁልፍ በአንድ መኪና ላይ ማኖር ስለማይቻል፣ ፊደሉን ከነቅጥያው አገጣጥሞ መምታት ግድ ሆኖ ነበር። ቢሆንም ዓይን በቁልፉ ላይ ያየውንና እጅ የመታውን በወረቀቱ ላይ ያገኘው ነበር።

የግእዝ ፊደል በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በወጣው ሦስተኛው ዩኒኮድ ውስጥ የ384 ቦታ ክፍል ተሰጥቶት በዓለም አቀፉ መለያ ከተመዘገበ ወዲህ፣ በማንኛውም ላፕቶፕ አማርኛ መጻፍ ተችሏል። በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ቁልፎች ላይ የታተመው ግን የላቲን ፊደል ብቻ ነው። ጸሐፊው የተነባቢውን ቁልፍ፣ ቀጥሎም የአናባቢውን ቁልፍ ይነካል፤ ፕሮግራሙ ሁለቱን አዋሕዶ አንድ የግእዝ ፊደል ያወጣለታል። ስለዚህ ለአማርኛ ጸሐፊ በቁልፉ ላይ ያለው ምልክት የሚጽፈው ፊደል ሳይሆን ወደ ፊደሉ የሚመራ ጠቋሚ ነው። ለከምባትኛ ጸሐፊ ግን ያው ምልክት ራሱ የሚጽፈው ፊደል ነው።

አንድ ቁልፍ ለምሳሌ እንውሰድ። «ኤክስ» በእንግሊዝኛ የ«ክስ» ድምፅ ምልክት ነው። ከተስፋፉት የአማርኛ መጻፊያ ሥርዓቶች በአንዱ ይኸው ቁልፍ «ሽ»ን ያወጣል፤ በከምባትኛ አጻጻፍ ደግሞ የ«ጥ»ን ድምፅ ይወክላል። «ሲ» የሚባለውም እንዲሁ በዚያው የአማርኛ ሥርዓት «ች»፣ በከምባትኛ «ጭ» ነው። እንግዲህ የሀደሮው ሰው የአምራቹ ሠራተኛ «የትኛው ፊደል ነው የጠፋው?» ብሎ ቢጠይቀው ምን ይመልስ? «ሸ» ቢል በቁልፉ ላይ ሸ ኖሮ አያውቅም፤ «ጠ» ቢልም እንዲሁ። በሦስት ቋንቋዎች መካከል ለቆመ ሰው «ፊደል» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃውም። በዚህ ምክንያት በቁልፉ ላይ የታተመው «የቁልፍ ምልክት» ቢባል፣ «ፊደል» ደግሞ በገጹ ላይ ለሚወጣው ቢጠበቅ የተሻለ ነው እንላለን። ይህ ልዩነት ሌላም ጥቅም አለው። በእንግሊዝኛ እጅግ ጥቂት ጊዜ የሚነኩት «ኤክስ»ና «ኪው» በከምባትኛ ራሳቸውን የቻሉ ድምፆች ምልክቶች ስለሆኑ ዘወትር ይነካሉ፤ አናባቢዎቹም ረዥሙ ድምፅ ሁለት ጊዜ ስለሚጻፍ ድርብ ሥራ አለባቸው። አቤት ባዩ ይህን ማስረዳት የሚችለው ምልክቱንና ፊደሉን ለይቶ ሲጠራ ነው።

ወደ ግሶቹ ከመሻገራችን በፊት፣ ምልክቱ በቁልፉ ላይ እንዴት እንደሚኖር ማወቅ ያስፈልጋል፤ የአሠራሩ ዓይነት ግሱን ይወስናልና። በአንዳንዱ ዕቃ ምልክቱ በቀለም ከላይ የታተመ ነው፤ ይህ ከጣት ላብና ቅባት ጋር ሲፈተግ ከላስቲኩ ይለያል። ከሥር ብርሃን በሚሰጡት ቁልፎች ብርሃን አሳላፊው ቁልፍ በጥቁር ቀለም ይቀባና ቀለሙ በሌዘር በፊደሉ ቅርጽ ይነሣል፤ በዚህኛው የሚያልቀው ምልክቱ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ቅብ ስለሆነ፣ ብርሃኑ እየሰፋ ሄዶ ቅርጹን ይውጠዋል። በሦስተኛው ዓይነት ምልክቱና ቁልፉ በሁለት ልዩ ልዩ ቀለም ላስቲክ ተዋሕደው ይቀረጻሉ፤ ይህ ቁልፉ እስካለ ድረስ አይጠፋም። የመጨረሻው አሠራር መኖሩ ራሱ፣ የምልክት መልቀቅ የማይቀር የተፈጥሮ ዕጣ ሳይሆን አምራቹ የመረጠው አሠራር ውጤት መሆኑን ያስረዳል።

እንግዲህ በአማርኛ ምን ይባላል? ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚለው «ፊደሉ ጠፋ» ነው። ይሁን እንጂ «ጠፋ» ሰፊ ግስ ነው፤ መብራት ይጠፋል፣ ገንዘብ ይጠፋል፣ መንገድ ይጠፋል። በኮምፒዩተርም ላይ የግእዙ ቅርጸ ፊደል ሳይጫን ቀርቶ ገጹ በባዶ ሣጥኖች ሲሞላ ያው «ፊደሉ ጠፋ» ይባላል። ስለዚህ ይህን ቃል ብቻ የያዘ ደብዳቤ የደረሰው ሠራተኛ ፕሮግራሙን እንደ ገና ጫን ብሎ ቢመልስ ሊፈረድበት አይገባም።

«ተፋቀ» ሌላ መልክ አለው። ፋቂ የሌለው ፍቀት የለም። ቁም ጸሐፊ በብራና ላይ የተሳሳተውን በስለት ይፍቃል፤ በከምባታና በሀዲያ ምድርም እናቶች እንሰቱን በመፋቂያ ይፍቃሉ። በሁለቱም ዘንድ መሣሪያ፣ ጉልበትና አሳብ አለ። «የቁልፉ ምልክት ተፋቀ» ብሎ የጻፈ ሰው እንግዲህ፣ ሳያስበው፣ ጥፋቱን በራሱ እጅ ላይ አኑሯል። «አለቀ» እና «አረጀ» የሚሉትም ለአቤት ባዩ አይረዱትም፤ ጫማ ያልቃል፣ ዕቃ ያረጃል፤ ማንም ስለዚህ ነጋዴውን አይጠይቅም።

«ለቀቀ» ግን ከሸማው ገበያ የመጣ፣ ፍርዱም አብሮት ያለ ግስ ነው። ጥለቱ ታጥቦ ቀለም ቢለቅ አጣቢይቱ አትወቀስም፤ ልብስ ሊታጠብ የተሠራ ነውና ጥያቄው ወደ ሸጠውና ወደ ነከረው ይሄዳል። ቁልፍም ሊነካ የተሠራ ነው። በሰዋስውም ረገድ ልዩነቱ የጎላ ነው፤ «ተፋቀ» ስሙ ያልተጠራ አድራጊን ሲጠቁም፣ «ቁልፉ ምልክቱን ለቀቀ» በሚለው ውስጥ ግን ባለቤቱ ቁልፉ ራሱ ነው። «ደበዘዘ» ገና ያልጠፋውን፣ «ተላጠ» ቅቡ የተነሣውን፣ «ወለቀ» ቁልፉ ራሱ ከቦታው የወጣውን ይገልጣሉ። እነዚህን የመሰሉ ግሶች ያሉት ቋንቋ ሁሉንም በ«ጠፋ» መሸፈኑ የቃል ድኽነት አይደለም፤ የመዝጋቢዎች ቸልታ ነው።

ይህ ልዩነት የሚመዘነው በዋስትናው ጽሑፍ ፊት ነው። ገበያው «ጋራንቲ» የሚለውን ተርጓሚዎች «ዋስትና» ይሉታል። ዋስ በልማዳችን ስለ ሌላ ሰው የሚቆም ሦስተኛ ወገን ነው፤ እዚህ ግን አምራቹ ስለ ራሱ ሥራ ይቆማል። ስለዚህ «የአምራች ዋስትና» ተብሎ ቢለይ ይበጃል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በአብዛኛው ሁለት ነገሮችን ይለያል፤ በዕቃውና በአሠራሩ ላይ የተገኘውን ጉድለት ይሸፍናል፣ ከመደበኛ አገልግሎት የሚመጣውን እርጅናና የመልክ ጉዳትን ብቻ ግን አይሸፍንም። በእንግሊዝኛው ልብስ መልበስን የሚገልጸው ግስ ለእርጅናም ስለሚያገለግል፣ ቃል በቃል የሚሄድ ተርጓሚ እዚህ ላይ ይሰናከላል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ሸማቹ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት እንዲጠይቅ ፈቅዶ ነበር፤ የቁልፍ ምልክት ግን በ15 ቀን አይለቅም። እንግዲህ ለሸማቹ የሚቀርለት የአምራቹ የራሱ ቃል ነው፤ በዚያም ውስጥ ጉዳዩ «ጉድለት» ይሁን ወይስ «እርጅና» የሚወሰነው ባቀረበው ገለጻ ነው።

ሁለት አቤቱታዎችን እናነጻጽር። አንደኛው፣ «የኪቦርዴ ፊደል ስለ ጠፋ እርዱኝ» ይላል። ሁለተኛው፣ «ላፕቶፑን በገዛሁ በስምንተኛው ወር የአምስት ቁልፎች ምልክት ለቅቋል፤ ቁልፎቹ ሲነኩ ይሠራሉ፣ ፊደሉም በገጹ ላይ ይወጣል፤ በስለትም ሆነ በኬሚካል አልተነኩም» ይላል። በሁለተኛው ውስጥ አንድም እንግዳ ቃል የለም። ሆኖም ሠራተኛው ፕሮግራሙን እንዲጠረጥር አያደርገውም፤ ጊዜውን፣ ብዛቱንና አድራጊ አለመኖሩን ይነግረዋል። መልሱ እንቢታ እንኳ ቢሆን ለትክክለኛው ጥያቄ የተሰጠ እንቢታ ይሆናል።

ምልክቱ ቢለቅ ምን ይጎዳል የሚል አይጠፋም። ሳያይ መጻፍ ለለመደው እውነት ነው፣ ብዙም አይጎዳውም። በዓይኑ እየፈለገ ለሚጽፈው ግን፣ ይልቁንም የይለፍ ቃሉ በነጥብ ተሸፍኖ በሚታይበት ሰዓት፣ ትክክለኛውን ለመምታቱ ምስክሩ በቁልፉ ላይ ያለው ምልክት ብቻ ነው። ተለጣፊ ምልክት ገዝቶ መለጠፍም መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን ወጪውን ከአምራቹ ወደ ባለቤቱ ያዛውራል።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ቃላትን ለአቤት ባይ እየመረጡ መስጠት የመዝገበ ቃላት ሥራ አይደለም፣ ጥብቅና ነው ይባል ይሆናል። እኛ ግን «ለቀቀ» በሉ ብለን ሁሉን አናዝም። በስለት የፋቀ «ፋቅሁ» ይበል፤ አምስት ዓመት የሠራበት «አረጀ» ይበል። የምንጠይቀው እያንዳንዱ ግስ በፍችው ተወስኖ እንዲመዘገብ ነው፤ የተወሰነ ቃል ለሸማቹም ለአምራቹም እኩል ይፈርዳልና።

ስለዚህ ከእንግዲህ በሚዘጋጁት የኮምፒዩተር ቃላት ዝርዝሮች ውስጥ ከእያንዳንዱ የዕቃ ስም ጎን ዕቃው የሚበላሽባቸው ግሶች ከነምሳሌያቸው እንዲገቡ እናሳስባለን። ለዚህም ከውጭ የሚመጣ ቃል አያስፈልግም፤ ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ጫማ ሰፊውና ቁም ጸሐፊው ያቆዩአቸው ይበቃሉ። ከአማርኛው ጎን ከምባትኛውና ሀዲይኛው በየራሳቸው ለእነዚህ ጉዳቶች ያሏቸው ግሶች ቢሰበሰቡ ደግሞ፣ በሀደሮ ያለው ጸሐፊ ጉዳዩን አስቀድሞ በሚያስብበት ቋንቋ ለይቶ፣ ኋላ በሚጽፍበት ቋንቋ ሳያዛባ ለማቅረብ ይችላል።