ዕቅዱን ሊለውጥ የሚችለው ማን ነው? ስለ አጃይል ትምህርት የቀረበ ሒስ

አጃይል የሚባለው የሥራ አመራር ዘዴ ኮምፒዩተርና የሥራ አመራር በሚያጠኑ ተማሪዎች ዘንድ እየታወቀ መጥቷል። ይህ ጽሑፍ ዘዴውን ለማወደስ ወይም ለመንቀፍ የተዘጋጀ አይደለም። ዓላማው ዘዴውን የምንማርበትን መንገድ መመርመር ነው። የምናቀርበውም አሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ተማሪው የአጃይልን የስብሰባ ሥርዓት ይማራል፤ ዳሩ ግን ሥርዓቱ የቆመበትን መሠረት፣ ይኸውም ሥራው የሚነካው ሰው በሚናገረው ቃል መሠረት ዕቅድን የመለወጥን ሥልጣን አይማርም። ለዚህ ነገር ምስክር ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። ግልገል በለስ ለሚኖር ተማሪ ምስክሩ በደጁ ነው፤ እርሱም የጣና በለስ ፕሮጀክት ታሪክ ነው።

አስቀድሞ የዘዴውን አመጣጥ ማስታወስ ይገባል። በየካቲት 1993 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ2001) 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች በአሜሪካ አገር በዩታ፣ ስኖውበርድ በተባለ ተራራማ ስፍራ ተሰብስበው አንድ አጭር መግለጫ አወጡ። መግለጫው 4 ዋና ዋና አሳቦችና 12 መርሆች ያሉት ሲሆን፣ ሰዎችን ከደንብና ከመሣሪያ፣ የሚሠራን ውጤት ከብዙ ወረቀት፣ ከደንበኛ ጋር መተባበርን ከውል ክርክር፣ ለለውጥ መልስ መስጠትንም ዕቅድን ከመከተል ያስቀድማል። ከዘዴዎቹ ሁሉ ይልቅ የታወቀው ስክረም ነው። ኬን ሽዌበርና ጄፍ ሰዘርላንድ ስለ ስክረም የጻፉት መመሪያ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ወጥቶ በ2020 ታርሟል። በዚህ መመሪያ መሠረት ሥራው ከአንድ ወር በማይበልጡ ስፕሪንት በሚባሉ ዙሮች ይከፈላል። ሠራተኞቹ በየቀኑ ለ15 ደቂቃ ይሰበሰባሉ፤ በዙሩ መጨረሻም የተሠራውን ያሳያሉ፤ ከዚያም አሠራራቸውን ራሱን ይመረምራሉ።

ይህን ሁሉ ተማሪው በአንድ ሳምንት ሊያጠናው ይችላል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ፈተናው የስብሰባዎቹን ስም፣ የደቂቃውን ልክና የሹመቱን ዓይነት ሲጠይቅ፣ ተማሪው ዘዴውን ያወቀ ይመስለዋል። ታሪኩንም የሚማረው እንዲሁ በአጭሩ ተቈርጦ ነው። ለምሳሌ የአጃይል ተቃራኒ ሆኖ የሚጠቀሰው “ዋተርፎል” የሚባለው አሠራር ዊንስተን ሮይስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1970 ካወጣው ጽሑፍ የመጣ ነው ይባላል። ሮይስ ግን በዚያ ጽሑፍ ይህን ስም አልጠቀሰም። ከዚህም በላይ ሥራን ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ብቻ አውርዶ መጨረስ አደገኛ መሆኑን አስጠንቅቆ፣ ለአዲስ ሥራ አስቀድሞ ሙከራ እንዲደረግ መክሯል። አባቶቻችን ሁሉ ዕውሮች ነበሩ፣ እኛ ብቻ በራልን የሚል ትምህርት ብዙ አያራምድም።

አሁን ወደ መተከል እንመለስ። ከ1977ቱ ረሐብ በኋላ በዚያን ጊዜ ጎጃም ክፍለ ሀገር፣ መተከል አውራጃ በነበረው በፓዌ ምድር ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ሐዲያ፣ እንዲሁም ከሌሎች ክፍላተ ሀገር የመጣ ወደ 80,000 የሚጠጋ ሕዝብ ሰፈረ። በ1978 ዓ.ም. የኢጣልያ መንግሥት በሰጠው ገንዘብ፣ ሳሊኒ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ ሥራ ተቋራጭ ሆኖ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተጀመረ። ዱሩ በመኪና ተመነጠረ፤ መንገድ ተሠራ፤ ሆስፒታልና የአውሮፕላን ማረፊያ ተሠራ፤ እርሻው በትራክተር ታረሰ። ሰፋሪው በኅብረት እየሠራ ቀለብ ይቀበል ነበር። መንደሮቹም በቊጥር ተጠሩ፤ ዛሬም ብዙዎቹ በቊጥራቸው ይጠራሉ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የውጭ ባለሙያዎች ሄዱ፤ የትራክተሩም እርሻ ቆመ። ከሰፋሪው ብዙው ወደ መጣበት ተመለሰ። የወልደ ሥላሴ አቡቴ ስለ ጕሙዝና ስለ ደገኛ ሰፋሪዎች የታተመ ጥናት (በአውሮፓ አቈጣጠር 2004) ይህን ታሪክ በሰፊው ያስረዳል፤ ተማሪም ሁሉ ሊያነበው ይገባል።

አጃይልን የሚያስተምር ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ “ዘዴው ያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር” ለማለት ይቸኩል ይሆናል። እስቲ አሳቡን እንፈትነው። በ1979 ዓ.ም. ፓዌ ላይ በየማለዳው የ15 ደቂቃ ስብሰባ ይደረግ ነበር እንበል። መሐንዲሱ ትናንት ስንት ሄክታር እንደ መነጠረ፣ ዛሬ ስንት እንደሚመነጥር፣ የትኛው ትራክተር እንደ ተበላሸ ይናገር ነበር። ሥራውም ምናልባት ይፋጠን ነበር። ነገር ግን በኅብረት ማረስ አይሆንልኝም፣ ለቤተ ሰቤ ማሳ ይሰጠኝ የሚል ገበሬ ቢነሣ፣ ከስብሰባው ውስጥ እሺ ሊለው ሥልጣን ያለው ማን ነበር? ገንዘቡ ከሮም፣ ትእዛዙ ከአዲስ አበባ ነበርና ማንም አልነበረም። እንግዲህ ስብሰባው ቢኖርም የተሳሳተውን ሥራ በፍጥነት ከማስፈጸም በቀር ሌላ ጥቅም ባልሰጠ ነበር።

ከዚህ ላይ የመግለጫውን የራሱን ጉድለት ማየት እንችላለን። መግለጫው ስለ ደንበኛ ይናገራል፤ ነገር ግን ደንበኛው አንድ እንደ ሆነ አድርጎ ያስባል። በሶፍትዌር ሥራ የሚከፍለውና የሚጠቀመው ብዙ ጊዜ ይቀራረባሉ። በበለስ ግን ሦስት ወገኖች ነበሩ። አንደኛው ከፋዩ ነው። ሁለተኛው በመንደሩ የሚኖረው ሰፋሪ ነው። ሦስተኛው ከፋይም ተጠቃሚም ያልሆነው፣ ነገር ግን የሚያርስበትን፣ የሚያድንበትንና ማር የሚቈርጥበትን ምድር ያጣው የጕሙዝ ሕዝብ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው፣ የማንኛውም ፕሮጀክት ሠራተኛ ጆሮውን የሚያዘነብለው ወደሚከፍለው ነው። “ከደንበኛ ጋር ተባበር” የሚለው ምክር ብቻውን ይህን ዝንባሌ ያጠነክረዋል እንጂ አያርመውም። የስክረም መመሪያ ሥራው የሚመለከታቸውን ሰዎች ወደ ዙሩ ፍጻሜ ምርመራ መጥራት እንደሚገባ ይናገራል፤ የማይከፍለው ሰው ቃል ምን ያህል ክብደት እንዳለው ግን አይናገርም።

ሁለተኛው ጉድለት ስለሚመለስና ስለማይመለስ ሥራ ነው። የሶፍትዌር ሠራተኛ የጻፈውን ትእዛዝ ማታ ሰርዞ ጧት እንደገና ሊጽፍ ይችላል። የተመነጠረ ዱር ግን በሚቀጥለው ስፕሪንት አይመለስም። እንዲሁም በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን የበለስን የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ እንመልከት። ከጣና ውሃ የሚያመጣው ዋሻ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። እንዲህ ያለ ዋሻ ጥቂት ተቈፍሮ፣ ደንበኛ ታይቶት፣ አቅጣጫው የሚለወጥ አይደለም፤ አስቀድሞ በጥብቅ ሊጠናና ሊታቀድ ይገባዋል። ስለዚህ ተማሪው በማናቸውም ሥራ ፊት አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው “ይህ ሥራ ቢሳሳት ይመለሳልን?” የሚለውን ነው። የሚመለሰው በትንሽ በትንሹ ይሞከራል፤ የማይመለሰው ከሙከራው በኋላ ይመጣል። በጣና በለስ ግን ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፤ የማይመለሰው ምንጠራ ቀደመ፤ መማር ግን ዘገየ።

በዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሕዝቡ በረሐብ ያልቅ በነበረበት ጊዜ ስለ ሙከራ መናገር ቅንጦት ነው የሚል ሰው ይኖራል። የፓዌ ሆስፒታልም የዚያው ፕሮጀክት ፍሬ መሆኑን ያስታውሰናል። ይህ እውነት ነው፤ ልናቃልለው አይገባም። ይሁን እንጂ ሁለቱን ነገር መለየት ያስፈልጋል። ለተራበ እህል ማድረስ አንድ ቀን እንኳ የማይጠብቅ ሥራ ነው። ልጅ ልጁ የሚኖርበትን የአስተራረስ ሥርዓት መወሰን ግን የዚያን ዓይነት ችኮላ አይጠይቅም። የመጀመሪያው ሥራ ችኮላ ለሁለተኛው ምክንያት ሆኖ ሲቀርብ ነው ስሕተቱ የሚወለደው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የሆነውም ነገር ትምህርት ይሰጣል። በፓዌ የቀረው ሰፋሪ ትራክተሩና ቀለቡ በቀረበት ጊዜ የየቤቱን ማሳ እያረሰ፣ የትኛው እህል ቈላውን እንደሚችል በየክረምቱ እየሞከረ ኑሮውን አቋቋመ። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ በዚህ ስፍራ ግን እንቢ ያለው አንዱ፣ መከራው የመከረው ሌላው ነበር። ከእርሱም አስቀድሞ የጕሙዝ ገበሬ ማሽላና ዳጉሳ እየዘራ፣ አፈሩ ሲደክም ማሳውን እያሳረፈ ወደ ሌላ ይዛወር ነበር። ይህም ምድሪቱን እያዩ ዕቅድን የመለወጥ ዘዴ ነው፤ ስክረም የሚል ስም አልተሰጠውም እንጂ።

እንግዲህ ትምህርቱ እንዴት ይሻሻል? በእኛ አስተያየት ሦስት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ተማሪዎች ለልምምድ የሚሠሩት ሥራ ለመምህሩ ብቻ ሳይሆን በእርግጥ ለሚጠቀምበት ሰው ይሁን። ለምሳሌ የአንድ ቤተ መጻሕፍት የውሰት መዝገብ ቢሠሩ፣ በየሁለት ሳምንቱ መዝገቡን የሚይዘው ሠራተኛ ይሞክረው። ሁለተኛ፣ ነጥብ የሚሰጠው ስብሰባ ስለ ተደረገ አይሁን፤ ከተጠቃሚው ቃል የተነሣ ከዕቅዱ ምን እንደ ተለወጠ ይጠየቅ። ምንም ያልተለወጠ እንደ ሆነ ተማሪዎቹ ምክንያቱን ያስረዱ። ሦስተኛ፣ የጣና በለስ ታሪክ ለመተከል ተማሪዎች ብቻ ሳይሆን ለሁሉም የመማሪያ ምሳሌ ሆኖ ይቅረብ፤ ስለ ካሊፎርኒያ ኩባንያዎች ከሚነገረው ይልቅ ይህኛው ለእኛ ይቀርባልና።

ነገ ከነዚህ ተማሪዎች አንዳንዶቹ በመስኖ፣ በስኳር ልማት፣ በጤና ወይም በሰፈራ ሥራ ላይ ይሾማሉ። ያን ጊዜ በእጃቸው የሚሆነው የኮምፒዩተር ጽሑፍ ሳይሆን የሰው ማሳ ነው። የስብሰባውን ሥርዓት ቢረሱት ከመጽሐፍ ያገኙታል። “ይህን ዕቅድ ሊለውጥ የሚችለው ማን ነው? ሥራው የሚነካው ሰውስ ከዚያ ሰው ዘንድ እንዴት ይደርሳል?” ብሎ መጠየቅን ግን ኮሌጅ ሳሉ ካልተማሩት፣ በኋላ የሚያስተምራቸው የሌላ ሰው መከራ ይሆናል።