ከእንግዶቹ ይልቅ ተመልካቹ የሚያውቀው

ብዙ ባለታሪክ ያለበትን ፊልም ለመጻፍ የሚነሳ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ሁሉንም የሚሰበስብለትን ቦታ ነው፦ ሆቴል፣ ባቡር፣ መርከብ፣ ሆስፒታል። ቦታው ከተገኘ ግማሹ ሥራ ያለቀ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1932 የወጣው «ግራንድ ሆቴል» የዚህ ዓይነት ፊልሞች አባት ተደርጎ ስለሚቆጠር ለዚሁ እምነት ዋቢ ሆኖ ይጠራል። በእኔ ዕይታ ግን ፊልሙ የሚያስተምረን ሌላ ነገር ነው። አንድ ጣሪያ ሰዎችን ያቀራርባል እንጂ ታሪካቸውን አያስተሳስርም። እነዚህን እንግዶች ያስተሳሰራቸው የሁሉንም ምስጢር የሚያውቅ አንድ ሰው መኖሩ ነው፤ ያም ሰው ተመልካቹ ነው።

ፊልሙ የተወሰደው ቪኪ ባውም በ1929 ካሳተመችው የጀርመንኛ ልቦለድና እሱን ተከትሎ ከመጣው ተውኔት ነው፤ ዳይሬክተሩ ኤድመንድ ጉልዲንግ ነው። ታሪኩ የሚከፈተው በበርሊኑ ሆቴል የስልክ ማዞሪያ ነው። ስልከኞቹ መስመር ሲሰኩና ሲነቅሉ እናያለን፤ ከዚያ እያንዳንዱ ሰው በየተራ ሲደውል እንሰማለን። የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ ምጥ ላይ ስላለች ሚስቱ ይጠይቃል። ክሪንገላይን የተባለው ምስኪን የሒሳብ ሠራተኛ ዕድሜው እንዳጠረ ከሐኪም ሰምቶ ያጠራቀማትን ገንዘብ ተንደላቆ ሊጨርሳት መምጣቱን ያወራል። የፋብሪካው አለቃ ፕራይሲንግ ከማንቸስተር በሚጠብቀው ውል ላይ ሁሉ ነገር እንደተንጠለጠለ ለሚስቱ አባት ይናገራል። የባለሪናዋ የግሩዚንስካያ ደንገጡር የእመቤቷ ነገር አስጨንቋታል። አንድ ባሮንም ገንዘብ ይፈልጋል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አምስት ሰዎች ገመናቸውን ዘርግፈውልናል፤ አንዱ የሌላውን አልሰማም።

ይህ አጀማመር ያፈጠጠ ነው፣ ባለታሪኮቹ የሕይወት ታሪካቸውን በስልክ እያነበቡልን ነው የሚል ይኖራል። ዛሬ ስክሪፕት የሚያርም ሰው ቀይ እስክሪብቶውን ቢያነሳ አልፈርድበትም። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች የሚናገሩት ሌላ የሚሰማቸው እንደሌለ አምነው ነው፤ ጆሯችንን የጣልነው እኛ ነን። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በሆቴሉ ውስጥ የሚደረግ እያንዳንዱ ሰላምታ ለእኛ ሌላ ትርጉም አለው። ፕራይሲንግ የማንቸስተሩ ውል ተሳክቷል ብሎ ሸሪኮቹን ሲያታልል መዋሸቱን ማንም ሹክ ሊለን አያስፈልግም። በራሱ ፋብሪካ የሚሠራውን ክሪንገላይንን አለማወቁም እንዲሁ።

የኪስ ቦርሳው ትዕይንት ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ያሳምነኛል። ባሮኑ ከወደዳት ከግሩዚንስካያ ጋር በባቡር ለመሄድ ገንዘብ ቸግሮታል። ካርታ ተጫውቶ አልቀናውም፤ ያሸነፈው ክሪንገላይን ነው። ክሪንገላይን ጠጥቶ ሲዝለፈለፍ ቦርሳው ይወድቃል፣ ባሮኑም ኪሱ ይከተዋል። ያ በሽተኛ ሰው ነቅቶ ቦርሳዬ፣ ቦርሳዬ እያለ ክፍሉን ሲያተራምስ ባሮኑ ጥቂት ያመነታና ያገኘሁት መስዬ ልስጠው ብሎ ይመልስለታል። ክሪንገላይን ያመሰግነዋል። ስለ ስርቆቱም፣ ስለ ፍቅሩም፣ ያ ገንዘብ ለክሪንገላይን የቀሩት ቀናት ስለመሆኑም የሚነገር ነገር የለም። ሦስቱንም እኛ ይዘን ገብተናል። ይህን ዕውቀት አስቀድሞ ሳይሰጥ ትዕይንቱን ልጻፍ የሚል ሁለት ገጽ ማብራሪያ ይፈጅበታል፣ ያኔም እንባው አይመጣም።

ፊልሙን ያቆመው የከዋክብቱ ብዛት ነው የሚለው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው። ግሬታ ጋርቦ፣ ጆን እና ላየነል ባሪሞር፣ ጆአን ክሮፎርድ፣ ዋላስ ቢሪ፤ ኤምጂኤም እነዚህን ሁሉ ባንድ ፊልም የሰበሰበው ትኬት ለመሸጥ መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም ግሩዚንስካያን የምትጫወተው ጋርቦና ክሮፎርድ በአንድም ትዕይንት አይገናኙም። ዝና ብቻውን ማያያዣ ቢሆን ኖሮ ፊልሙ እዚህ ላይ ለሁለት ይቀደድ ነበር። ያልተቀደደው ባሮኑ ክሮፎርድ ለምትጫወታት ሴት ቀጠሮ ሰጥቶ ግሩዚንስካያን እንደወደደ እኛ ስለምናውቅ ነው። (ፊልሙ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ኦስካር ሲወስድ በሌላ በምንም ዘርፍ፣ በትወናም ጭምር፣ አልታጨም፤ እስካሁን እንዲህ ያለ ሌላ አሸናፊ የለም።)

ምስጢሩን ያሰማን ስልክ መጨረሻ ላይ መግደያ ይሆናል፦ ፕራይሲንግ ክፍሉ ሊሰርቅ የገባውን ባሮን የሚገድለው በስልክ ደብድቦ ነው። ግሩዚንስካያ አልሰማችም። አጃቢዎቿ ሞቱን ደብቀዋት፣ ባቡር ላይ እንደሚያገኛት እያሰበች በደስታ ከሆቴሉ ትወጣለች። ጣቢያው ላይ ስትጠብቀው፣ ሰው ቀርቦ ሲያረዳት፣ ጋርቦ ፊቷን ስትሸፍን፤ ይህን ትዕይንት ለመጻፍ እጁን የማይበላው ስክሪፕት ጸሐፊ ያለ አይመስለኝም። ፊልሙ ውስጥ ግን የለም።