ሁለት ምግብ በሰከንድ

«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2»ን የሚጀምር ሰው ዓይኑ ፈረሰኛውና ግንቡ ላይ ያርፋል። ኤንሴምብል ስቱዲዮስ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው በዚህ ጌም ውስጥ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ጦር ሳይሰለፍ የሚያልፈው መክፈቻው ነው። የሠሪዎቹ እጅ ከሁሉም በላይ የጠራው እዚያ ላይ ነው።

በተለመደው አጀማመር በእጃችሁ ያለው 3 ሠራተኛ፣ አንድ ፈረሰኛ ቃፊር፣ 200 ምግብ፣ 200 እንጨት፣ 100 ወርቅና 200 ድንጋይ ነው። አዲስ ሠራተኛ ከታውን ሴንተሩ (ከሰፈሩ ዋና ሕንፃ) ለማውጣት 50 ምግብና 25 ሰከንድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ታውን ሴንተሩ ያለ ዕረፍት እንዲሠራ በየሰከንዱ 2 ምግብ መግባት አለበት። አንድ ሠራተኛ ደግሞ ከበግ በሰከንድ 0.33 ያህል ይሰበስባል። ስድስቱ አብረው ሲሠሩ ሁለት ይሞላል። የመነሻው 200 ምግብ አራት ሠራተኛ ያወጣል፤ ሦስቱ ከነባሮቹ ሦስት ጋር በጎቹ ላይ ሲደመሩ ስድስት ይሆናሉ፣ መነሻው ሊያልቅ ሲልም ገቢው ይተካዋል። ሊጡ የሚደርሰው ልክ ምጣዱ ሲግል ነው።

እንጨቱም እንዲሁ ተለክቷል። ታውን ሴንተሩ የሚይዘው 5 ነፍስ ብቻ ሲሆን አራቱ ከመጀመሪያው ተይዘዋል። የመጀመሪያው አዲስ ሠራተኛ አምስተኛውን ይይዛል፤ እሱ ሳይወጣ ቤት ካልቆመ ቀጣዩ በር ላይ ይቀራል። ሁለት ቤት 50፣ የእንጨት ማከማቻ 100 ሲወስዱ ከ200ው የሚተርፈው 50 ነው። ቀጥሎ የሚሠራው ወፍጮ ደግሞ 100 ይጠይቃል። እንግዲህ ከስድስቱ ቀጥለው የሚወጡት ሠራተኞች ወደ ዛፉ የሚላኩት ጎዶሎውን ለመሙላት ነው።

ቁጥሩን ማወቅ ግን ግማሹ ሥራ ነው፤ ቀሪው የእጅ ጥበብ ነው። የታረደ በግ ሥጋው ሳይሰበሰብ ሲቆይ እየባከነ ይሄዳል። ጀማሪ ሁለት ሦስት በግ ባንዴ ያርዳል። ጎበዙ አንድ በአንድ፣ ያውም ከታውን ሴንተሩ ግድግዳ ሥር አስጠግቶ ያርዳል፤ ሠራተኛው ሥጋውን ለማስገባት የሚሄደው መንገድ ይጠፋለታል። ከርከሮው ደግሞ 340 ምግብ፣ ማለትም ወደ ሰባት የሚጠጋ ሠራተኛ የሚያስወጣ ሀብት ነው፤ ግን ይገድላል። አንድ ሠራተኛ ቀስቱን ወርውሮበት ወደ ኋላ ይሮጣል፣ ከርከሮው ይከተለዋል፣ የቀሩት ታውን ሴንተሩ ሥር ይቀበሉታል። ሠራተኛው መላክ ያለበት በጉ አልቆ እጅ ሥራ ሳይፈታ፣ ከርከሮውም ቀድሞ ወድቆ ሥጋው ሳይባክን ነው። ይህን ያለ ግርግር የሚያደርግ ተጫዋች ማየት ደስ ይላል።

ወደ ቀጣዩ ዘመን፣ ወደ ፊውዳል፣ መሸጋገር 500 ምግብ ይፈጃል፤ ሽግግሩም ታውን ሴንተሩን ለ130 ሰከንድ ስለሚይዝ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሠራተኛ አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ2015 «ዘ አፍሪካን ኪንግደምስ» በተባለው ጭማሪ የገቡት ኢትዮጵያውያን የተሰጣቸው ስጦታ ውበቱ እዚህ ላይ ይታያል። አዲስ ዘመን በገቡ ቁጥር 100 ምግብና 100 ወርቅ ያገኛሉ። ሲያዩት ትንሽ ነው። ሲያሰሉት ግን ምግቡ ታውን ሴንተሩን ለ50 ሰከንድ ያሠራል፣ ወርቁም 45 ወርቅ ለሚጠይቁ ሁለት ቀስተኞች ይበቃል። ቀስተኞቻቸው ፈጥነው እንዲወረውሩ ተደርጎ የተሠራ ሕዝብ፣ ቀስተኛ ማሠልጠን በሚጀመርበት ዘመን ደጃፍ ላይ ወርቅ ይቀበላል።

ለጀማሪ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ የተሸነፋችሁበትን ጨዋታ መልሳችሁ ስታዩ ጦርነቱን ዝለሉት፣ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ታውን ሴንተሩ ላይ ብቻ አተኩራችሁ እዩ። ሥራ ፈትቶ የቆመበትን ሰከንድ ደምሩና ለ25 አካፍሉት። የምታገኙት ቁጥር ሳይወለዱ የቀሩት ሠራተኞቻችሁ ናቸው።